በ36 ፎቶ ሐዋሳን ማየት፦ በፊልም ካሜራ የሁለት ቀን ጉዞ መመሪያ

መጀመሪያ ያጠብኩት ፊልም ላይ 36 ፎቶ ነበር። 22ቱ የሰው ጀርባ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ሄጄ፣ ሙሉ ጠዋት ዓሣ አጥማጆች መሃል ቆሜ፣ ይዤ የተመለስኩት ትከሻ፣ ኮፍያና ማጅራት ነው። በስልክ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አይታወቀኝም ነበር። 400 አንስቼ፣ ደህና የመጡትን 10 መርጬ፣ ሌላውን እረሳዋለሁ። ፊልም እንዲህ አያባብልም። ያነሳሁትን በሙሉ በተራ ደርድሮ አስረከበኝ። ሰው እንደምፈራ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጓደኞቼ ለካ ቀድመው ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከአዳማ ሐዋሳ እየተመላለስኩ የሠራሁበትን መንገድ ነው የምጽፍላችሁ። ለሁለት ቀን፣ ለአንድ ካሜራና ለአንድ ፊልም የተሰናዳ ነው። የአዳማ ሰው ካልሆናችሁ መነሻውን ብቻ ቀይሩት።

1. ካሜራውን ፈልጉ፣ ባዶውን ፈትኑት

ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዘመድ ጠይቁ። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው የመጡ ሰዎች ቁም ሳጥን ላይ ዜኒት የሚባለው የሶቭየት ካሜራ አይጠፋም። የኔም ከአጎቴ የመጣ ዜኒት ኢ ነው። ይከብዳል። ሻተሩ (ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) እንደ በር ይጮኻል። ግን ያለ ባትሪ ይሠራል። የሻተሩ ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ሴኮንድ ብቻ ነው። ያንሳል ትሉ ይሆናል፤ አያንስም።

ፊልም ሳታስገቡ የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ ወደ መስኮት አዙሩት። በየፍጥነቱ እየጫናችሁ እዩ። የ1/30 እና የ1/500 ልዩነት በዓይንም በጆሮም መለየት አለበት። ሌንሱን ፈትታችሁ ብርሃን አሳልፉበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ትንሽ ከሆነ አትጨነቁ፣ ፎቶው ላይ ብዙም አይታይም። አሮጌ ካሜራ ላይ ትልቁ ጣጣ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለው ብርሃን ከልካይ ነው። ስፖንጁ አርጅቶ ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀ ጠርጋችሁ አውጡትና ጥቁር የሱፍ ክር በሙጫ አስገቡበት። ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

ዜኒት ኢ ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) አለው። በሴሌኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አይፈልግም። ግን ዕድሜው ገፍቷል፣ ብዙ ጊዜ ይዋሻል። መደወያው ላይ የምታዩት ዲን የሚለው ቁጥር የፊልሙ ፍጥነት፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ንቃት ነው፤ ለ200 ፊልም 24፣ ለ400 ፊልም 27 ላይ ታደርጉታላችሁ። ከዚያም ቢሆን አትመኑት። የምትመኑትን ከታች እነግራችኋለሁ።

2. አንድ ፊልም ብቻ

ሁለት አትያዙ። ሁለተኛው ፊልም ቦርሳ ውስጥ ካለ ያው እንደ ስልክ ነው የምታነሱት።

እኔ የምመርጠው ጥቁርና ነጭ፣ ፍጥነቱ 400 የሆነ ነው፤ ለምሳሌ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ። 400 የመረጥኩት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይም ስለሚያሠራ ነው። ጥቁርና ነጭ የመረጥኩት ደግሞ ቤት ውስጥ ስለሚታጠብ ነው። ከለር ከፈለጋችሁ ኮዳክ ጎልድ 200 ይሆናል፤ እሱ ግን ሲ-41 በሚባለው ዘዴ ነው የሚታጠበው። ስለዚህ ፊልሙን ከመግዛታችሁ በፊት የሚያጥብላችሁን ፎቶ ቤት አግኙ። ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ለወራት ያልታጠበ ፊልም መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩበት ጊዜ አለ።

ፊልሙ ከውጭ በሰው የሚመጣላችሁ ከሆነ አንድ ነገር ንገሩት፦ ከሻንጣ ጋር አይጫን፣ በእጅ ይያዝ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይም በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት መፈተሻ ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉ።

3. መጫን (እዚህ ጋ ቀስ በሉ)

ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ ቅዳሜን ሙሉ አነሳሁ። ታቦር ተራራ ወጣሁ፣ ጀልባ ላይ ተሳፈርኩ። ቆጣሪው 36 ሞላ። 37 አለ። 38። "ትርፍ ደረሰኝ" ብዬ ደስ አለኝ። 41 ላይ ስደርስ ደስታው ወደ ብርድ ተቀየረ። ማታ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ፣ በጨለማ ክዳኑን ከፍቼ በጣቴ ዳሰስኩ። ፊልሙ ከጥቅሉ ንቅንቅ አላለም። ሙሉ ቀን ባዶ ካሜራ ነው ስጫን የዋልኩት።

እንዲህ አድርጉ። ጥላ ቦታ ቁሙ። የፊልሙን ምላስ ማጠንጠኛው ላይ ባለው ክፍተት አስገቡ። ክዳኑን ሳትዘጉ አንዴ ጠቅልሉ፤ በሁለቱም ወገን ያሉት ቀዳዳዎች ጥርሱ ላይ መቀመጣቸውን እዩ። ክዳኑን ዝጉ። አሁን በግራ በኩል ያለውን መመለሻ፣ ፍላጻው ወደሚያሳየው አቅጣጫ፣ እስኪጠብቅ በቀስታ አዙሩት። ከዚያ በቀኝ እጃችሁ ስትጠቀልሉ የግራው መመለሻ አብሮ ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አትርሱ። ካነሳችሁ በኋላም በየጥቂት ፎቶው እሷን አየት አድርጉ።

4. ብርሃን ያለ መለኪያ

በጥሩ ፀሐይ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) 16 ላይ አድርጋችሁ ሻተሩን ከፊልሙ ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ላይ ታደርጋላችሁ። ሕጉ ይህ ነው፣ አሮጌ ነው። እኔ ግን ለሐዋሳ ትንሽ ለቀቅ አደርገዋለሁ። ኔጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ሲያንሰው ግን የሰው ፊት ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይቀራል። የኛ ፊት ደግሞ ከኋላው የሚያብረቀርቅ ሐይቅ ካለ በጣም ይጠቁራል።

ለ400 ፊልም ደብተሬ ሽፋን ላይ የጻፍኩት ይህን ነው። ጠራራ ፀሐይ፦ 1/500፣ አፐርቸር 11። ደመና፦ 1/250 እና 8። ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሰማዩ ግን ክፍት ሲሆን፦ 1/125 እና 8። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት፦ 1/60 እና 2.8። ሌላውን በመሃል ገምቱ።

ፎከስን በተመለከተ አንድ ዘዴ አለ። አፐርቸሩን 8፣ ፎከሱን 3 ሜትር ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ዜኒት ላይ ባለው የ58 ሚሊ ሜትር ሄሊዮስ ሌንስ ከ2.5 ሜትር እስከ 3.8 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። አራት እርምጃ ማለት ነው። አራት እርምጃ ደግሞ ሰላም ሳይሉ የማይቆሙበት ርቀት ነው። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት።

5. መንገዱ

ከአዳማ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ሐዋሳ። ፊልሙን መስኮት አጠገብም ዳሽቦርድ ላይም አታስቀምጡ፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ልብስ መሃል ይጠቅለል። ኬላ ላይ፣ ወታደርና ፖሊስ ባለበት ካሜራ አታውጡ። ይህ ለክርክር የሚቀርብ ነገር አይደለም።

መንገድ ላይ ምንም አታንሱ። ደብተር አውጡና ብታነሱ ኖሮ የምታነሱትን 5 ነገር ጻፉ። ብቻ "መልክዓ ምድር" ብላችሁ አትጻፉ። "ባቱ መናኸሪያ፣ ሐብሐብ ላይ የተኛች ድመት" ብላችሁ ጻፉ።

6. የመጀመሪያው ጠዋት፦ አሞራ ገደል

ከመኝታ ቤታችሁ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ባጃጅ ይዛችሁ አሞራ ገደል በሉት። በመንገድ ሹፌሩን የሲዳምኛ ሰላምታ አስተምረኝ በሉት፤ በሳቅ ያስተምራችኋል።

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሩ ፀሐይ ከኋላችሁ ትሆናለች። ከጀልባ ወርዶ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ፊቱ በራ ማለት ነው። ማታ ተቃራኒው ነው። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስለምትጠልቅ ሰው ሁሉ ጥላ ሆኖ ይታያል። ያማረ ነው፣ ሁሉም ያነሳዋል። ለኔ ዓይነት ሰው ግን መደበቂያ ነው፤ ጥላ ማንሳትም ጀርባ ከማንሳት አይሻልም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ጠዋት ነው።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ለስላሳው ብርሃን እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 3 ሰዓት ሲሆን አለፈ።

እንግዲህ ጊዜው አጭር ነው ብዬ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ካሜራውን ከቦርሳ አታውጡ እላችኋለሁ። ሞኝነት ሊመስላችሁ ይችላል። ሻይ ጠጡ ወይም የዓሣ ሾርባ እዘዙ። አባ ኮዳዎቹን እዩአቸው፤ ሽማግሌ ዳኛ መስለው የዓሣ ፍርፋሪ የሚጠብቁ ወፎች ናቸው። ቂጣችሁን ከጦጣ ጠብቁ። በዚህ መሃል ሰዎቹም እናንተን እያዩ ነው። እነሱ ሳያዩዋችሁ ካሜራ ስታወጡ ሌባ ትመስላላችሁ።

ከዚያ ካሜራውን አንገት ላይ አንጠልጥሉት። በእጅ አትያዙት። የጥላ ወይም የፀሐይ ቁጥራችሁን አስተካክሉ፣ ፎከሱን 3 ሜትር ላይ አድርጉ። ይህ ሁሉ ሰውየው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ያልቃል። ሰው ፊት ቆሞ ሌንስ መጎርጎር ፈቃዱን ያበርደዋል።

ቅረቡ፣ ሰላም በሉ፣ ስለ ሥራው ጠይቁ። "ዛሬ ምን ተያዘ?" ይበቃል። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ብልጫ ይሏችኋል፣ ዓይነቱን ማወቅ ራሱ ወሬ ይከፍታል። ከዚያ ጠይቁ፦ "አባባ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" ወጣት ከሆነ "ወንድሜ፣ ላንሳህ?" አንድ ብቻ አንሱ። ካሜራውን አውርዱ። አመስግኑ። አትሂዱ። ሰው ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ ትንፋሹን ይለቃል፣ ትከሻው ይወርዳል። ከወደዳችሁት ያኔ ሁለተኛዋን ጠይቁ።

እምቢ ሲሏችሁስ? "እሺ፣ ይቅርታ" ብላችሁ ወሬያችሁን ቀጥሉ። እምቢ ሲባል ዘወር ብሎ መሄድ፣ የፈለግኩት ፎቶውን እንጂ አንተን አይደለም እንደማለት ነው። ለኔ ከባዱ ትምህርት ይሄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አምስት ሰው እምቢ አለኝ። ከአምስቱ አንዱ ጋ ቁጭ ብዬ ዓሣ በላሁ፤ ዳጣውን እሱ ነው የመረጠልኝ።

አንዱን ወጣት አልረሳውም። ዓሣ ያጸዳል፣ ክንዱ ድረስ ቅርፊት ተለጥፎበታል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። የፈለግኩት ያን ክንድ ነው። ስጠይቀው "እጄ እንዲህ ሆኖ?" አለኝ። ቆይ ብሎ ሄደ። ታጥቦ፣ ፀጉሩን አርጥቦ፣ የጓደኛውን ጃኬት ተውሶ ተመለሰ። ጃኬቱ እጅጌው ረጅም ስለሆነ እጁ ጭራሽ አይታይም። ምን ልበል? አነሳሁት። ያን ፎቶ ዛሬ ከሁሉም እወደዋለሁ፤ እሱ መታየት የፈለገበትን መንገድ ነዋ የያዝኩት።

ግብ ካስፈለጋችሁ ይኸውላችሁ፦ ከ36ቱ 12ቱ ፈቅዶ ሌንሱን የሚያይ ሰው ይሁን።

ስለ ገንዘብ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ለፎቶ አልከፍልም። ዓሣ እገዛለሁ፣ ሻይ እጋብዛለሁ፣ ፎቶውን አሳትሜ እመልሳለሁ። ልጆችን ወላጅ ወይም ታላቅ ሳይፈቅድ አላነሳም።

7. ቀትርና ማታ

ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ካሜራውን አሳርፉ። ብላችሁ ተኙ። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ታቦር ላይ ውጡ፤ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ የሚታዩት ከዚያ ነው። እዚያ 2 ፎቶ ይበቃል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ደግሞ ጥንዶች አሉ፤ ስሙም የመጣው በከንቱ አይደለም። ሳትጠይቁ እንዳታነሱ፣ ጠብ ነው።

ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ከሄዳችሁ ቅዳሴ ሰዓት ላይ ካሜራ አይወጣም። ታኅሣሥ 19 ንግሥ ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም እንደዚያው፤ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበ ትልቅ በዓል ነው። ሁለቱንም ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም። ሕዝብ መሃል ማንንም ሳይጠይቁ 36 መጨረስ ቀላል ነው።

8. ደብተሩ

ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ አንድ መስመር ጻፉ። የኔ የፎቶውን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ሻተሩንና አፐርቸሩን አስቀድሞ እንዲህ ይላል፦

"7፤ 1:10፤ 125፣ 8፤ መረብ የሚፈታ ልጅ። ሳልጠይቅ።"
"8፤ 1:25፤ 125፣ 8፤ ያው ልጅ። ጠይቄ። ሳቀ።"

ቁጥሮቹ ለቴክኒኩ ናቸው። ፎቶው ቢጠቁር ለምን እንደጠቆረ ታውቃላችሁ። የመጨረሻዋ ቃል ግን ለናንተ ናት። የፎቶ ቃል የገባችሁለትን ሰው ስልክ ወይም ቴሌግራምም እዚያው ያዙ።

36ቱ ሲያልቅ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ፊልሙን ወደ ጥቅሉ መልሱ። መመለሻው ድንገት ቀለል ሲልላችሁ ጨርሷል። ቸኩሎ ክዳን የከፈተ ሰው ፊልሙ ይቃጠልበታል።

9. ማጠብ

ሁለት ሳምንት ጠብቁና እጠቡት። ከዚያ በላይ ግን አታቆዩት፣ በተለይ በአዳማ ሙቀት። ለምን ሁለት ሳምንት? ጉዞው ትኩስ ሲሆን ፎቶውን ሳይሆን ትዝታውን ነው የምናየው።

ፊልሙን ታንክ (ብርሃን የማያስገባ ማጠቢያ ዕቃ) ውስጥ ማስገባት ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። በማይረባ ፊልም፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቀን ላይ ተለማመዱ። ኤችፒ5 ዲ-76 በሚባለው ዲቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል)፣ ውሃ ሳይጨመርበት፣ በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ይቆያል። በየደቂቃው መጀመሪያ ለ10 ሴኮንድ ታንኩን ገልበጥ መለስ አድርጉት። የቧንቧ ውሃችን ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ጠርሙሶቹን በረዶ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙና በቴርሞሜትር ጠብቁ። ዲቨሎፐሩን ድፉ፣ በውሃ አለቅልቁ፣ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ለ5 ደቂቃ።

ማለቅለቁ ብዙ ውሃ ይፈጃል ብላችሁ አትፍሩ። ታንኩን በውሃ ሙሉ፣ 5 ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉ። እንደገና ሙሉ፣ 10 ጊዜ። እንደገና፣ 20 ጊዜ። አለቀ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር የተፈጠረ ዘዴ ይመስላል። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅላችሁ አድርቁት። ዘዴውን ባንዴ ካልያዛችሁት አትማረሩ። እኔ አንድ ፊልም ለሰው ሰጥቼ ጫፍ እስከ ጫፍ ተፍቆ ነው የተመለሰልኝ፤ ቤቴ ማጠብ የጀመርኩትም ያኔ ነው።

10. ወለል ላይ ዘርጉት

36ቱንም በትንሹ አሳትሙ። ያልወደዳችሁትንም። ወለል ላይ ዘርጉና በሦስት ክምር ለዩ፦ የሚያየኝ ሰው ያለበት፣ ሰው ያለበት ግን የማያየኝ፣ ጭራሽ ሰው የሌለበት። ከዚያ ደብተሩን አምጡና እያንዳንዱ ላይ "ጠይቄ" ወይም "ሳልጠይቅ" የሚለውን አመሳክሩ።

ትልቁ ክምር ለቀጣዩ ጉዞ የቤት ሥራችሁ ነው። የኔ መጀመሪያ ጀርባ ነበር፤ ስለዚህ በቀጣዩ ፊልም ጀርባ ከለከልኩ። አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ሲያደርግ ሁሉም ፎቶው የሚስቅ ሰው ሆኖ አገኘው። ሰው ካልሳቀ አያነሳም ለካ። ዝም ያለ ሰው ያስጨንቀዋል። እሱ ደግሞ ቀጣዩን ጉዞ ማንንም ሳያስቅ ዋለ፤ ምን ያህል እንደከበደው እሱ ነው የሚያውቀው። የናንተ ክምር ምን እንደሚል እኔ አላውቅም። ብቻ ሰው እንዲተረጉምላችሁ አትስጡ፣ ቀድማችሁ ራሳችሁ እዩት።

11. ፎቶውን መልሱ

ቃል የገባችሁትን ፎቶ አሳትማችሁ፣ በፖስታ አድርጋችሁ፣ ራሳችሁ ውሰዱ። በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ የወረቀቱን ያህል ግን አይደለም።

እኔ በአራተኛው ጉዞ ለአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የሳቸውን ፎቶ ወሰድኩ። ባነሳኋቸው ቀን የያዙትን ትልቅ አምባዛ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ነበር የቆሙት። ፊታቸው ደግሞ እንዲያው ድንቅ ነበር። ተጠግቼ ፊታቸውን ብቻ ሞላሁት። እኔ ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራበት ፎቶ ነው።

ፖስታውን ከፍተው ረጅም ጊዜ አዩት። ራቅ አደረጉት፣ አቀረቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

"ዓሣውን የት ጣልከው?" አሉኝ።

"አባባ፣ ፊትዎ..."

"ፊቴንማ አውቀዋለሁ። ያን የሚያህል አምባዛ ግን ስንት ጊዜ ይያዛል?"

ጀልባዋን አየሁ። ያን ቀን ጥቂት ቆሮሶ ብቻ ነበር። ካሜራዬ ላይ 9 ፎቶ ቀርቷል።

"ነገ 12 ሰዓት ላይ ና" አሉኝ፣ ፎቶውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ እየከተቱ። "አትዘግይ።"